ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን ሳዳምጥ ይነጋል

«ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነው፤ አራት ወር ሞላው። እሱ ደህና ነው። ይጠባል፣ ይስቃል፣ ክብደቱም እየጨመረ ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ሌሊት እየተነሳሁ ጣቴን አፍንጫው ሥር አደርጋለሁ። ትንፋሹ ካልተሰማኝ የስልኬን መብራት አበራበታለሁ። ሆን ብዬ የቀሰቀስኩት ጊዜም አለ። ባለፈው ሳምንት አልጋ ላይ አስተኝቼው ዳይፐር ላነሳ ዞር ስል ተንከባሎ ወደቀ። ሐኪም አየውና ምንም አልሆነም አለን። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። በቅርቡ ሥራ እመለሳለሁ፤ ልጁን የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ‹በሆዱ አስተኚው፣ ትራስ አድርጊለት፤ እኛ አምስቱን ያሳደግነው እንደዚህ ነው› ይላሉ። ባለቤቴ ‹አበዛሽው› ይለኛል። እግሩ ላይ ታስሮ ትንፋሹን የሚቆጣጠር መሣሪያ ልገዛ አስቤያለሁ። ይጠቅመኛል? ወይስ ችግሩ እኔው ነኝ?»

እንቅልፍ ያጣሁ እናት

እህቴ፣ መጀመሪያ የጠየቅሽውን በአጭሩ ልመልስልሽ። መሣሪያውን አትግዢ። ችግሩ አንቺ አይደለሽም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግን አለብሽ፤ ለልጁ ሳይሆን ለራስሽ። ወደ ሁለቱም እመለሳለሁ።

ባለቤትሽ «አበዛሽው» ማለቱ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን አይደለም። ፍርሃትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ደህና የነበረ ሕፃን ተኝቶ ሳለ በድንገት የሚሞትበት ጊዜ አለ። አብዛኛው የሚደርሰው ስድስት ወር ሳይሞላ ነው። በተለይ የሚበዛው ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ነው። ልጅሽ ያለውም እዚያው አካባቢ ነው። ይህን የምነግርሽ ላስደነግጥሽ አይደለም፤ ከስልክሽ ላይ ቀድመሽ እንዳነበብሽው አውቃለሁ። ስልክሽ ምናልባት ያልነገረሽ ነገር ግን አለ። ይህን አደጋ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይቀንሰውም። የሚቀንሰው ልጁ ከመተኛቱ በፊት የሚደረግ ዝግጅት ነው። አንቺ አሁን በሩን ሳይቆልፍ ደጅ ቆሞ የሚያድር ዘበኛ ሆነሻል። ቆልፈሽ ብትተኚ ይሻላል።

ቁልፉ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ልጁ በጀርባው ይተኛ። ሌሊትም፣ ቀንም፣ ለአሥር ደቂቃ ሸለብታም ቢሆን። ፍራሹ ጠንከር ያለና ልሙጥ ይሁን፤ በእጅሽ ስትጫኚው የሚሰረጉድ ከሆነ ለእሱ አይሆንም። ፍራሹ ላይ የተወጠረ አንሶላ ይኑር፤ ከዚያ ውጪ ምንም። ትራስ የለም፣ የሚደረብ ብርድ ልብስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም፣ የአልጋ ዙሪያ መከለያ ስፖንጅም የለም። አውቃለሁ፣ ባዶ አልጋ ሲያዩት ያሳዝናል። ዘመድ ሲመጣም «ምነው ልጁን እንደዚህ?» ይላል። ይበል።

ብርድ ከፈራሽ በልብስ ጨምሪለት። አንቺ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሚመችሽ ልብስ አንድ ድርብ ብትጨምሪለት በቂ ነው። ሞቆት እንደሆነ ለማወቅ እጁን አትንኪ፤ የሕፃን እጅና እግር ቀዝቀዝ ማለቱ የተለመደ ነው። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ንኪ። ካላበውና ከጋለ አቅልይለት። ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያ አያስፈልገውም። ክፍሉ ውስጥ ማንም አያጭስ፤ የሲጋራ ጭስ ይህን አደጋ ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ነው።

አልጋው አንቺ ክፍል ውስጥ፣ በቅርብሽ ይሁን። ቢያንስ ስድስት ወር እስኪሞላው። የራሱ አልጋ ላይ ግን። አንቺን በተለይ የማስጠነቅቅሽ ነገር አለ። አንቺ እንቅልፍ ያጣሽ ሰው ነሽ። በሌሊት ልታጠቢው ሶፋ ላይ ወይም ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። ሙቀቱ አለ፣ ጸጥታው አለ፣ ዓይንሽ ይከደናል። ልጁ በክንድሽና በሶፋው መሃል ይሸጎጣል፣ አፍንጫው ይታፈናል። በእንቅልፍ ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ስለዚህ ድካም ከተጫነሽ ሶፋው ላይ አትቀመጪ። እንቅልፍ ይጥለኛል ብለሽ ከጠረጠርሽ አልጋሽ ላይ ሆነሽ አጥቢው፤ ትራሱንና ብርድ ልብሱን ከአጠገቡ አርቂ፤ ስትነቂ ወደ አልጋው መልሺው። ልጁን ልትጠብቂ ስትነቂ እያደርሽ፣ ያ ንቃት ራሱ ሌላ አደጋ እየጠራብሽ እንደሆነ ይታይሽ።

አሁን ወደ አማትሽ እንምጣ። የእሳቸው ስጋት ትን እንዳይለው ነው። «በጀርባው ተኝቶ ቢያቀረሽ ይታነቃል» ይላሉ፤ ሲያዩት የሚያሳምን ነገር ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል። ያቀረሸው ወተት ወደ ላይ ወጥቶ አየር ቧንቧው ውስጥ ለመግባት ይቸገራል። በሆዱ ሲተኛ ግን ቧንቧዎቹ ይገለበጣሉ፤ የአየሩ ከታች ይሆናል፣ ወተቱም ወደዚያው ይወርዳል። ጤነኛ ሕፃን በጀርባው ሆኖ ቢያቀረሽ ይውጠዋል ወይም ያስለዋል።

ሌላው ክርክራቸው «በሆዱ ሲሆን ጥሩ ይተኛል» ነው። እውነታቸውን ነው። ችግሩ ያለውም እዚያው ላይ ነው። በሆዱ የተኛ ሕፃን እንቅልፉ ይከብዳል፤ አየር ሲያጥረው የመንቃት አቅሙ ይቀንሳል። አፍና አፍንጫው ወደ ፍራሹ ስለሚጠጉ ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል። ሙቀቱም አይወጣለትም። በጀርባው የተኛ ቶሎ ቶሎ መባነኑ እናትን ያደክማል፤ ለእሱ ግን መከላከያው ነው።

«አምስት አሳድገናል» የሚለውን በክርክር አታሸንፊውም። ደግሞ አትሞክሪ። እሳቸው በዘመናቸው ያደረጉት ስህተት አልነበረም፤ በብዙ አገር ሐኪሞች ራሳቸው በሆዱ አስተኙ ይሉ ነበር። ነገሩ የተቀየረው ከ1980ዎቹ መጨረሻ በኋላ ነው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ብሪታንያ በ1991፣ አሜሪካ በ1994 ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመሩ። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ይህ ድንገተኛ ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፣ አዲስ መሣሪያም አልተፈለሰፈም። ልጆቹን ገልብጦ ማስተኛት ብቻ ነበር። ለአማትሽ የሚነገራቸው ይህ ነው፤ «ተሳስተዋል» ሳይሆን «ሐኪሞቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ»።

ይህን ያስረዘምኩት አንዳች ምክንያት ስላለኝ ነው። በጀርባው መተኛት የለመደ ሕፃን፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው ድንገት በሆዱ ሲያስተኛው፣ በሆዱ መተኛት ከለመደው ይልቅ አደጋው ይበልጥበታል። አልለመደውም፤ ጭንቅላቱን አንስቶ ማዞር አያውቅበትም። ይህ ደግሞ የሚሆነው ብዙ ጊዜ እናት ሥራ ስትመለስና አያት ወይም ሞግዚት ስትረከብ ነው። ስለዚህ በዚህ አንድ ነገር ላይ «እሺ ለዛሬ ብቻ» የሚባል አይኑር።

ልጅሽ መገልበጥ ከጀመረ አንድ ሁለት ነገር ይቀየራል። ጠቅልለሽ የምታስተኚው ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ተይ። ተጠቅልሎ በሆዱ ከተገለበጠ እጁን ተጠቅሞ ራሱን ማንሳት አይችልም። ሁልጊዜ በጀርባው አስተኚው፤ ከሆዱ ወደ ጀርባው፣ ከጀርባው ወደ ሆዱ በራሱ መዞር ሲችል ግን ሌሊት እየተነሳሽ አትመልሺው። በፈለገው ይተኛ። ቀን ነቅቶ ሳለ፣ አጠገቡ ሆነሽ፣ በሆዱ አስተኝተሽ አጫውቺው። አንገትና ትከሻው ይጠነክራል። አማትሽም በሆዱ ሲሆን ማየት ከወደዱ ያ ሰዓት የእሳቸው ይሁን።

ጣትሽን አፍንጫው ሥር አድርገሽ ምንም የማይሰማሽ ለምን እንደሆነ ደግሞ ልንገርሽ። ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው በእኩል ምት አይተነፍስም። ፈጠን ፈጠን ያደርግና፣ ለአምስት ወይም ለአሥር ሴኮንድ ያህል ቀጥ ይላል፤ ከዚያ መልሶ ይጀምራል። ይህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተለመደ ነው። አንቺ የምትደርሺው ምናልባት ቀጥ ባለበት ቅጽበት ነው። ልብሽ ስንጥቅ ይላል፣ መብራት ይበራል፣ ልጁ ይነቃል፣ ሁለታችሁም ታለቅሳላችሁ።

በትክክል የሚያስደነግጠው ትንፋሽ ሌላ ነው፤ ጣት ሳያስፈልግም በዓይን ይታያል። ትንፋሹ ከ20 ሴኮንድ በላይ ከተቋረጠ፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ፣ በተነፈሰ ቁጥር የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ወይም እያቃሰተ ከተነፈሰ ሌሊት ነው ቀን ነው ሳትዪ ሐኪም ቤት ሂጂ። ፍጥነቱን መቁጠር ከፈለግሽ ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ ሳለ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ መታየት አለበት። ሁለት ወር ላልሞላው መነሻው 60 ነው። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሳይዘገይ ሐኪም ይየው። እንደ ልጅሽ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ላለው 39 ከደረሰ እንደዚያው። ሙቀቱ ያንን ባይደርስም አልጠባም ካለ፣ ከወትሮው ከዛለ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ቴርሞሜትሩን ትተሽ ተነሺ።

መሣሪያውን አትግዢ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ለጤነኛ ሕፃን የሚሸጡት እነዚያ መቆጣጠሪያዎች ድንገተኛ ሞትን እንደሚከላከሉ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በዚህ ዓላማ እንዳትጠቀሙባቸው ብሎ ይመክራል። ሐኪም ለተለየ ምክንያት፣ ለምሳሌ ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ካዘዘው ሌላ ነገር ነው። አንቺ ቤት ግን ከእግሩ ትንሽ በላላ ቁጥር ይጮኻል። አሁን የምትነሺው በራስሽ ፍርሃት ነው፤ ያኔ ደወልም ይጨመርበታል። የከፋው ደግሞ «መሣሪያው አለ አይደል» ተብሎ ልጁ በሆዱ መተኛቱ ነው።

ስለ መውደቁ ብዙ ራስሽን አትክሰሺ። ትናንት የማይገለበጥ ልጅ ዛሬ ይገለበጣል፤ ቀድሞ ማስታወቂያ አይለጥፍም። ሐኪም ዘንድ መውሰድሽ ልክ ነበር። ከወደቀ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ደጋግሞ ቢያስመልሰው፣ ከልክ በላይ ቢያንቀላፋ፣ እርግብግቢቱ ቢያብጥ፣ ቢንቀጠቀጥ ወይም አንዱን እጅ ወይም እግር ማንቀሳቀስ ቢተው ተመልሳችሁ መሄድ ነበረባችሁ። ሳምንት አልፎታል፤ ይስቃል፣ ይጠባል። አልፏል።

ከዚህ በኋላ ግን ዳይፐር የሚቀየረው ወለል ላይ ይሁን። ንጹሕ ምንጣፍ ወይም ፎጣ አንጥፈሽ። ከወለል ላይ ማንም አይወድቅም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሆኑ ግድ ከሆነ ከመጀመርሽ በፊት ዳይፐሩን፣ ቅባቱን፣ ልብሱን አጠገብሽ ሰብስቢ፤ አንድ እጅሽ ከሆዱ ላይ አይነሳ። ግራና ቀኝ ትራስ መደርደር አያስጥልም፤ ተንከባሎ ይሻገረዋል፣ ወይ ፊቱን ይቀብርበታል። የሚወዛወዘውን መቀመጫውንም ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው፤ እየተራገጠ ወደ ጫፍ ያስጠጋዋል።

ቀን ቤት ውስጥ ያለው አደጋ ከሌሊቱ የበለጠ ቅርብ ነው፤ አንቺ ግን ፍርሃትሽን ሁሉ ለሌሊቱ ሰጥተሽዋል። አሁን ልጁ እጁን ዘርግቶ መያዝ የሚጀምርበት ወቅት ነው። እስኪ አስቢው፤ አማትሽ ልጁን በግራ እጃቸው ታቅፈዋል፣ በቀኛቸው ትኩስ ሻይ ይዘዋል፣ ስልክ ይጠራል። ኩባያውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያስቀምጡታል። ጠረጴዛው ልብስ አለው፣ ጫፉም ተንጠልጥሏል። ልጁ የሚይዘው ያንን ጫፍ ነው። የተቀዳ ሻይ ከሩብ ሰዓት በኋላም የሕፃን ቆዳ ማቃጠል ይችላል። ስለዚህ ልጅ የያዘ እጅ ትኩስ ነገር አይያዝ። የጠረጴዛ ልብሱንም ለጥቂት ዓመት አጥፋችሁ አስቀምጡት።

ከተቃጠለ ወዲያው ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አፍስሱበት፤ 20 ደቂቃ ሙሉ። ቆዳው ላይ ያልተጣበቀውን ልብስ አውልቁ፣ የቀረውን ሰውነቱን ግን እንዳይበርደው ሸፍኑ። በረዶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ዱቄት አታድርጉ። ከዚያ ሐኪም። ሕፃን ሲቃጠል «ትንሽ ናት» የሚባል ነገር የለም።

ገላውን ስታጥቢው ቀዝቃዛውን ውሃ አስቀድሚ፣ ሙቁን ኋላ ጨምሪ፣ በደንብ አማስይው፣ በክርንሽ ለኪው። የሚስማማው 37 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለክርንሽ ለብ ያለ ይመስልሻል። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በሴኮንዶች ውስጥ ክፉኛ ይልጠዋል። ውሃው ጥቂት ጣት ጥልቀት ይበቃዋል፤ ለመስመጥም ያው ይበቃል። የሰመጠ ሕፃን አይጮኽም። በር ቢንኳኳም፣ ስልክ ቢጮኽም፣ ድስቱ ቢያርም ልጁ ሳፋው ውስጥ ብቻውን አይቀርም፤ ወይ በፎጣ ጠቅልሎ ይዞት መሄድ ነው፣ ወይ አለመሄድ። መዳህ ሲጀምር ደግሞ ውሃ የቀረበት ባልዲ ሁሉ ይደፋ።

አፍ ውስጥ የሚገባውም ነገር ከአሁን ጀምሮ ይታሰብበት። በሶፍት ጥቅልል ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ያንቀዋል ብላችሁ ቁጠሩት። ከሁሉም የምፈራው ሳንቲም የምታክለዋን ክብ ባትሪ ነው። ሪሞት ውስጥ፣ የሚዘፍን አሻንጉሊት ውስጥ፣ ሚዛን ውስጥ አለች። ከተዋጠች ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ማቃጠል ትችላለች። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት አትጠብቁ፣ ለማስመለስም አትሞክሩ፤ በቀጥታ ሆስፒታል።

አንድ ነገር አንቆት ድምፅ አውጥቶ የሚያለቅስ ወይም የሚያስል ከሆነ ይሳል፤ ሳሉ ያወጣዋል። ድምፁ ከጠፋ ግን ፊቱን ወደ ታች አድርገሽ ክንድሽ ላይ አስተኚው፤ ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ ይበል፣ አገጩን በእጅሽ ደግፊ። በትከሻዎቹ መሃል በመዳፍሽ ግርጌ 5 ጊዜ ምቺ። ካልወጣ ገልብጠሽ በጀርባው አድርጊውና ከጡቶቹ መስመር ትንሽ ዝቅ ብለሽ የደረቱን መሃል 5 ጊዜ ግፊ። እስኪወጣ አፈራርቂ፤ ሌላ ሰው ደግሞ እርዳታ ይጥራ። የማይታይሽን ነገር በጣት አትፈልጊ፤ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ። ካልነቃና ካልተነፈሰ ሌላ ዓይነት እርዳታ ነው የሚያስፈልገው። ይህን በጽሑፍ ማንበብ አይበቃም፤ ሥልጠና የሚሰጥበት ቦታ ካገኛችሁ አንቺም፣ ባለቤትሽም፣ አማትሽም በአሻንጉሊት ላይ ተለማመዱት። አማትሽ በዚህ ደስ እንደሚላቸው እገምታለሁ።

በዚህ ዕድሜ ውሃ አይሰጠውም፤ ስድስት ወር እስኪሞላ የእናት ጡት ወይም ፎርሙላ ይበቃዋል፣ ሙቀት ቢሆንም። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በጣት ጫፍም አይቀምስ፤ ለሕፃን አንጀት ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ጀርም ሊኖርበት ይችላል። ጽዳት መጠበቂያ ፈሳሽ በውሃ ጠርሙስ አይቀመጥ። መድኃኒት ሐኪም በክብደቱ ከለካለት ውጪ አይሰጠው፤ ሲሰጠውም ሰዓቱ ወረቀት ላይ ይጻፍ። አያት ቀን ሰጥታ እናት ማታ የምትደግመው መጠን ብዙ ልጅ ጎድቷል። መኪና ውስጥ በራሱ መቀመጫ፣ ወደ ኋላ ዞሮ፤ እቅፍ ውስጥ አይሆንም። ግጭት ሲመጣ የማንም ክንድ አይዘውም።

ይህን ሁሉ ዝርዝር አማትሽ ፊት እንዳታነቢባቸው። አርባ ሕግ ከሰጠሻቸው አንዱንም አይዙልሽም፤ እኔም ብሆን አልይዝልሽም። ሦስት ብቻ ምረጪ። በጀርባው፣ ባዶ አልጋ ላይ ይተኛል። ከፍ ያለ ቦታ ላይና ውሃ ውስጥ ብቻውን አይተውም። ከወተቱ ውጪ ወደ አፉ የሚገባ ነገር ካለ አስቀድሞ ይደወላል። ሌላውን ለእሳቸው ተዪ። እንዴት እንደሚያዝሉት፣ ምን እንደሚያለብሱት፣ ምን ብለው እንደሚያባብሉት የእሳቸው ነው። አምስት ልጅ ያሳደገ ሰው እኔና አንቺ የማናውቀውን ብዙ ያውቃል።

ንግግሩን የሚጀምረው ግን ባለቤትሽ ይሁን። እናቱ ናቸው። ከምራት አፍ ሲወጣ ትችት የሚመስለው፣ ከልጅ አፍ ሲወጣ አደራ ይሆናል። እሱም «አበዛሽው» ማለቱን ትቶ በዚህ ይርዳሽ። በሚቀጥለው የልጁ ክትትል ቀጠሮ እሳቸውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ነርሷ ፊት ለፊታቸው ስትናገር ነገሩ ከአንቺ ይወርዳል።

ለሦስታችሁም አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ማልቀሱን አላቆም ሲል ማንም አይነቅንቀው። የሕፃን አንገት ለጭንቅላቱ አቅም የለውም፤ ጥቂት ሴኮንድ መነቅነቅ አእምሮው ውስጥ ደም ሊያፈስ፣ ሊያሳውረው፣ ሊገድለው ይችላል። የሚነቀንቁት ክፉ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ የደከሙ ሰዎችም ናቸው። ትዕግሥታችሁ ሲያልቅ አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝታችሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ወጣ በሉ። ሲያለቅስ ቆየ ብሎ የተጎዳ ልጅ የለም። አማትሽም እንዲህ ማድረግ ነውር እንዳልሆነ ይወቁ፤ በፈለጉት ሰዓት ደውለው «ደከመኝ» ማለት እንደሚችሉም።

አሁን ስለ አንቺ። ልጁ ተኝቶ፣ ሰው ይዞልሽ፣ አንቺም ደክሞሽ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ያ ተራ ድካም አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ቁርጡን የሚነግርሽ ሐኪም ነው። በብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል፤ በመጀመሪያው ዓመት በማንኛውም ወር ሊጀምር ይችላል፤ እንዲህ እንዳንቺው ከአንድ ድንጋጤ በኋላም ሊብስ ይችላል። ደጋግሞ ማረጋገጥ አንዱ መልኩ ነው። ለአንድ ደቂቃ ያሳርፍሻል፣ ከዚያ መልሶ ይጠራሻል። ልጁ ሲወድቅ፣ ሲታፈን የሚያሳይ ምስል ሳትፈልጊ ወደ አእምሮሽ እየመጣ ከሆነም አትፈሪ፤ ለሐኪሙ ንገሪው። መጥፎ እናት ነሽ ማለት አይደለም። በንግግር ሕክምና ይረዳል፤ እያጠቡ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም አሉ። ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ወይም ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ዕለት ሰው ይዞሽ ሆስፒታል ይሂድ።

ለዛሬ ማታ እንዲህ አድርጉ። ሌሊቱን ለሁለት ክፈሉት። የመጀመሪያውን አጋማሽ ባለቤትሽ ከልጁ ጋር አንድ ክፍል ይደር፤ አንቺ ሌላ ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ፣ ስልክሽ ከክፍሉ ውጪ። ለመጥባት ሲነቃ ያምጣልሽ፤ ጠብቶ ሲጨርስ መልሶ ይውሰደው። ተራሽ ሲደርስ አንድ ጊዜ ብቻ እዪው፦ በጀርባው ነው? አልጋው ባዶ ነው? ማጅራቱ አላበውም? ከዚያ ተኚ። ሌሊት ብትነቂ በዓይንሽ ቃኚው፤ ጣትም፣ የስልክ መብራትም አይኑር። መጀመሪያ ላይ ይከብድሻል።

ሥራ ከመመለስሽ በፊትም አማትሽ ለጥቂት ቀናት ሙሉውን ቀን ይያዙት፤ አንቺ ቤት ውስጥ ሁኚ፣ ግን ካልተጠራሽ አትግቢ። ምን እንደሚያስቸግራቸው ያኔ ይታያችኋል፤ ለማስተካከልም ጊዜ ይኖራችኋል።

የሐኪሙን ቀጠሮ ግን ነገ ጠዋት ያዢ። ባለቤትሽም አብሮሽ ይግባ፤ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሺ አንቺ አሳንሰሽ ልትናገሪ ትችያለሽ፣ እሱ ግን አብሮሽ ሲነሳ ስለከረመ ያውቀዋል።